ክቡር ይደርሳል እና የምድጃው በር

ሰውየው ጀርባውን ለምድጃው በር ሰጥቶ ቆሟል። እህቴ ከፊቱ ናት፤ በሩ የሚከፈትበትን የብረት መንጠቆ በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ከመሃላቸው ነኝ፤ የያዝኩት እስክሪብቶ ብቻ ነው።

«ክፈተው!»

«ይደርሳል።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ነገ።»

«ነገማ ሰዎቹ ሌላ ቦታ ሥራ ይዘዋል! አሁን ጣሪያው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፤ ሬንጁ እየፈላ ነው!»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «እሳቱን ቀነስ ያድርጉለት» አለ።

ሰውየው የእህቴ ባል ነው። ምድጃው ውስጥ ያሉት ሠላሳ ሰባት ብሎኬቶች ከተሰባበረ ጠርሙስና ከአሮጌ የመስኮት መስታወት የተሠሩ ናቸው፤ እህቴ ለምታስተዳድረው መዋዕለ ሕፃናት ጣሪያ የቀሩት የመጨረሻዎቹ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። የላይኛው ፎቅ ሙቀት ካልቀነሰ ፎቁ ይታሸጋል፤ እዚያ የሚውሉት ሃያ ሁለት ልጆች ሌላ ቦታ ይፈልጉ ይባላል። ሰውየው ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ከበሩ ንቅንቅ አላለም።

ማንኛውም ቤተሰብ፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ ማንኛውም ሠፈር አንድ የማይቸኩል ሰው አለው። «እኛ ዘንድ የለም» የምትሉ ካላችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ገና አልደረሰ ይሆናል። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ሥራ ይሸሻል፤ እሱ ግን ወደ ሥራው እየሄደ ነው። ዝንጉም አይደለም፤ ቀጠሮውን ከእናንተ በላይ ያስታውሳል። በቃ፣ ጊዜ የተሠራው በበቂ መጠን ነው ብሎ ያምናል። ችግሩ ይህን እምነቱን የሚያራምደው እናንተ ከኋላው ተሰልፋችሁ ሳላችሁ ነው።

የእኛን ቤት የማይቸኩል ሰው «ይደርሳል» ብላ የሰየመችው ወርክሾፑ ውስጥ ጠርሙስ የምትፈጨው ሴትዮ ናት። ስሙ ከሱ ጋር ተጣበቀ። እኔ ማዕረግ ጨመርኩበት፤ ክቡር ይደርሳል።

ክቡርነታቸው እህቴን ለማግባት አራት ዓመት ወስዶባቸዋል። በየእሑዱ ቤታችን ይመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ከአባቴ ጋር ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ጥገና ይጫወታሉ፣ ይሄዳሉ። በአራተኛው ዓመት የአባቴ ትዕግሥት አለቀ።

«ልጄ» አለው፣ «የመጣህበትን ጉዳይ አንተ ታነሳዋለህ ወይስ እኔ ላንሳልህ?»

«አባባ፣ እርስዎ ከቸኮሉ ያንሱት» ብሎ መለሰ።

እህቴን የመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ ሲይዛት ክቡርነታቸው ጫማ እያሰሩ ነበር። ቀኙን አሰሩ። ግራውን አሰሩ። ቀኙ ከግራው ጠበቅ ብሏል ብለው እንደገና ፈቱት። የእህቴ ልጅ የተወለደችው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው። እህቴ አንድ ወር ሙሉ አላነጋገረችውም። እሱ ሕፃኗን አቅፎ አያት፣ አያትና «ደረሰች አይደል?» አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የሚኖሩበት ሕንፃ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው መንገድ ላይ ፈሰሰ። አንዱ በፎጣ፣ አንዷ በአንድ እግር ጫማ፤ የአራተኛ ፎቁ ጠበቃ ደግሞ ድመቱን ያነሳ መስሎት ትራስ አቅፎ ወርዷል። ክቡርነታቸው በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ብቅ አሉ። ኮታቸውን ቆልፈዋል። በሩንም ቆልፈዋል። ሲጠጡበት የነበረውን ብርጭቆ አጥበው ደፍተው ነው የወጡት። ደወሉ በስህተት የጮኸ ሆኖ ተገኘ። ከመላው ሕንፃ በወጉ የለበሰው እሱ ብቻ ነበር።

«እውነት እሳት ቢሆን ኖሮስ?» ብላ አንዲት ጎረቤት አፋጠጠችው።

«እሳት ቢሆን ይሸት ነበር» አላት። «እናንተ ስትወርዱ ሸተታችሁ?»

ሴትዮዋ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።

ስልክ ሲደወልለት ጮኾ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ከዚያ መልሶ ይደውላል። «እየጮኸ ማንሳት የሰው ንግግር እንደማቋረጥ ነው» ይላል። አስፋልት ለመሻገር መንገዱ ጭር እስኪል ይቆማል፤ አንዳንዴ ሾፌሮች ራሳቸው ቆመው በእጃቸው ይለምኑታል፤ እሱ ደግሞ «እለፉ፣ እለፉ» እያለ ይለምናቸዋል። ከኋላ ያለውን ጥሩንባ እኔ አልገልጸውም።

እኛ በአንጻሩ የችኩሎች ቤተሰብ ነን። እናቴ እንግዳው በልቶ ሳይጨርስ ሳህን ታነሳለች። እህቴ ስልክ የምትዘጋው «ደህና» ብላ «ዋል» ሳትል ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ዜና ጽፌያለሁ። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ያለህን ይዘህ ትወጣለህ። የጎደለው ነገ ይታረማል፤ ካልታረመም ሰው ይረሳዋል። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ አማች ሲገባ ምን እንደሚመስል መገመት ቀላል ነው። የአባቴ የደም ግፊት የጀመረው በሦስተኛው ዓመት እሑዶች ላይ ነው።

ሰው ሁሉ የተፈጠረበት ሥራ አለው ይባላል። ብዙዎቻችን ሳናገኘው እንሞታለን። እሱ አገኘው።

ሥራው መስታወት ማስነፋት ነው። መጀመሪያ የተሰበሰበው ጠርሙስና መስታወት ይለቀማል፤ ክዳኑ፣ ሽቦው፣ ከሁሉ በላይ የሸክላ ስኒ ስባሪው ይወጣል፤ ሸክላ ከመስታወት ጋር አብሮ አይቀልጥምና። የተለቀመው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል። ጥቂት የከሰል ብናኝ ይደባለቅበታል። በብረት ሳጥን ውስጥ ተደርጎ ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ስምንት መቶ ዲግሪ ሲያልፍ መስታወቱ ይለሰልሳል፣ ከሰሉ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙ መውጫ ያጣና እንደ ሊጥ ይነፋዋል። ሳጥኑን ሩብ ያህል የያዘው ዱቄት እስከ አፉ ይሞላል።

የሚወጣው ጠቆር ያለ ግራጫ ብሎኬት ነው። ውስጡ ተቆጥሮ የማያልቅ የተዘጋ የአየር ቋጠሮ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያልፍበትም። በአንድ መዳፍ ይያዛል። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አይነድም፣ አይበሰብስም፣ አይጥም አይቀምሰውም። በእንጨት መጋዝ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ ግን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቀ ደንበኛ ካለ የክቡርነታቸው መልስ አጭር ነው፤ «ይለቃል።»

እስከዚህ ያለውን ማንም ይሠራዋል። ጣጣው ማብረዱ ላይ ነው። የብሎኬቱ ውጪ ከውስጡ ቀድሞ ከበረደ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከአምስት መቶ ዲግሪ ወዲህ ምድጃው እንደተዘጋ፣ በሰዓት ስምንት ዲግሪ ብቻ እየተቀነሰ፣ ሁለት ቀን ተኩል ይጠበቃል። ከእሱ በፊት ለዚህ ሥራ ሦስት ባለሙያዎች ተቀጥረው ነበር። ሦስቱም የተማሩ ነበሩ። ሦስቱም ከፈቱት።

እሱ ወንበሩን በሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። በስድስት ዓመት አንድ ጭነት አልተበላሸበትም።

አንድ ቀን የወርክሾፑ ባለቤት ከሩቅ የመጡ ገዢዎች ይዞ ገባ። «ለአንድ ደቂቃ ክፈትላቸውና አይተው ይሂዱ» አለው።

«ይቀመጡ» አለ ክቡር ይደርሳል።

«ቆመው ይዩት፤ ይቸኩላሉ።»

«እንግዲያው ነገ ይምጡ።»

እንግዶቹ በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። ጠርሙስ ፈጪዋ ይህን ስትነግረኝ በጓንቷ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። «እሱ ቢያረግዝ ኖሮ» አለችኝ፣ «ዘጠኝ ወር ችኮላ ነው ብሎ አሥራ ሁለት ያደርገው ነበር።»

አሁን ወደ ጣሪያው። የእህቴ መዋዕለ ሕፃናት የላይኛው ፎቅ ከባዶ የሲሚንቶ ሶሌታ ጣሪያ ሥር ነው። በፀሐይ ቀን ከቀትር በኋላ ክፍሉ ሠላሳ አራት ዲግሪ ይደርሳል። የእንቅልፍ ሰዓት ላይ ልጆቹ ከፍራሻቸው ይነሱና ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ ግድግዳው ይቀዘቅዛላ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ይህን አየች፣ ለካች፣ ጻፈች። «ሃያ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ አልፈቅድም» አለች። አንድ ወር ሰጠች።

ክቡር ይደርሳል ጣሪያውን በሜትር ለካው። ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ብሎኬት ይፈልጋል። ምድጃው በአንዴ የሚይዘው ሠላሳ ሰባት ነው። ስድስት ጭነት፤ ከመፍጨቱና ከመሙላቱ ጋር ለእያንዳንዱ አራት ቀን። «ይደርሳል» አለ። ይደርስም ነበር። ግን ገና ሲጀመር የተፈጨውን ዱቄት በጣቱ አሻሽቶ የሸክላ ስባሪ አገኘበትና አስደፋው፤ ጠርሙሱ ሁሉ እንደ አዲስ ተለቀመ። ስድስት ቀን ሄደ። እህቴ በእነዚያ ስድስት ቀናት የተናገረችውን ማንኛውም ጋዜጣ አያትመውም።

እንዲህ እያለ ያ ዓርብ ደረሰ።

የመንጠቆው ፍጥጫ የተፈታው ልጆች የሚገቡበት ሰዓት በመድረሱ ነው። እህቴ መንጠቆውን ወለሉ ላይ ጥላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ጣሪያ ሠራተኞቹ እጃቸው ላይ ያለውን መቶ ሰማንያ አምስት ብሎኬት በሬንጅ ማንጠፍ ጀመሩ። እኔ የእህቴ ወኪል ሆኜ ወርክሾፑ ውስጥ ቀረሁ፤ ምድጃው ሲከፈት ጭኜ ልሮጥ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የወርክሾፑ ሠራተኞች ለምሳ ወጡ። ክቡርነታቸውም ተነሱ። የእሳቸው ምሳ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ እንደገና ወደ በሩ አዩ።

«ጋዜጠኛው» አለኝ፣ «እስክመለስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥ። እሷ ከመጣች በሩን ተደገፈው።»

«መንጠቆውስ?»

«አንተ ያዘው። አንተ ጋ ከሆነ እሷ ጋ አይሆንም።»

ስድስት ዓመት የጠበቀውን በር ለአንድ ጋዜጠኛ ሰጥቶ ሄደ። ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይሳሳታል።

የሙቀት መለኪያው መቶ ዘጠና አራት ይላል። ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እህቴ ደወለች።

«ወጣ?»

«አልወጣም።»

ዘጋችው። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ የጣሪያ ሠራተኞቹ ፎርማን ደወለ። «ወንድም፣ ያለንን ሁሉ አንጥፈን ጨርሰናል። አንዱ ጥግ ቀረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልመጣልን ጠቅልለን እንወጣለን፤ ነገ የሰው ሥራ አለብን።» ቀጥሎ ደግሞ እህቴ።

«አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«አንተም እንደሱ ሆንክ?» አለችኝ።

በእኛ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

መለኪያውን አየሁት። መቶ ሰማንያ ሦስት። ከስምንት መቶ ወርዶ እዚህ ደርሷል፤ የቀረው ኢምንት ነው አልኩ። ይህን ያህል ያለቀ ዜና ስንት ጊዜ አትሜያለሁ። ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልከፍተው አይደለም፤ ሁለት ጣት ብቻ፣ ነፋስ እንዲያገኘውና ቶሎ እንዲበርድ። መንጠቆውን አስገባሁ። ሳብኩት።

ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ሌላ ምንም አልተሰማም። እንዲያውም «ይኸው!» ብዬ ነበር።

ከዚያ ጠቅ አለ።

ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ የሚሰማ ዓይነት ንጹሕ ድምፅ ነው። ጠቅ። ጥቂት ቆይቶ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መዝጋት ሲገባኝ መንጠቆውን ይዤ ቆሜ አዳምጥ ጀመር። ዞር ስል ክቡርነታቸው ከግቢው በር ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል። ከግቢው በር እስከ ምድጃው ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። ሠላሳዎቹን እርምጃዎች ተራመዷቸው። አንዱን እንኳ አልሮጡትም። ውስጥ ያሉት ብሎኬቶች ግን እርምጃቸውን አልጠበቁም።

በሩን በቀስታ ገፍቶ ዘጋው። መዝጊያውን አጠበቀ። ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠጋ።

«ጋሼ፣ እኔ—»

«እሽሽ። ላዳምጥ።»

አዳመጠ። «የላይኛው መደርደሪያ ነው» አለ ቆይቶ። «የታችኛው ገና አልሰማም።»

«ስንቱ ይተርፋል?»

«ነገ እናያለን።»

«አሁን ከፍተን ብናየውስ?»

ይህን በእውነት ተናግሬያለሁ። ማንም አስገድዶኝ አይደለም። እሱም የእሳት ደወሉ ቀን ፎጣ ታጥቆ የወረደውን ጎረቤቱን ባየበት ዓይን አየኝ።

ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት። እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ግቢ ወጣና መልሶ ደወለላት። በመስኮት አየሁት፤ እሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ተናገረ፤ የቀረውን አደመጠ።

«ምን አለች?» አልኩት ሲመለስ።

«ብዙ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ ሠራተኞቹ ጠቅልለው ሄዱ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ምድጃው አርባ ዲግሪ ሲል ተከፈተ። ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ በጣቱ መታ መታ እያደረገ አደመጣቸው። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው። ሃያ ስድስቱ ተሰንጥቀዋል። ስድቤን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ቆምኩ። እሱ መዶሻ አመጣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ የተሰነጠቁትን እንደ ቡጢ ቡጢ እያደረገ ይሰባብራቸው ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ብሎኬት ነበር። አሁን ጠጠር ነው።» ሌላ አነሳ። «ሰዎች ይህን ሆን ብለው ሰባብረው ወለል ሥር ይደለድሉታል። እኛ ጣሪያ ላይ እንደለድለዋለን። እንደ ብሎኬቱ አይሆንም፤ ግን ይሆናል።»

«እስከ ሰኞ?»

የያዘውን ብሎኬት በመዶሻው መታው። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እሑድን ሙሉ ሠራን። እኔ ቁመቴን የሚያክል ጆንያ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ስወጣ የሕንፃው ዘበኛ «አይ ጉልበት!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ጆንያው ከብርድ ልብስ እንደማይከብድ አልነገርኩትም። ላይ ክቡርነታቸው አሥራ አንዱን ብሎኬት በቦታቸው አስቀምጠው፣ ቀሪውን ጥግ በእንጨት ከልለው ጠጠሩን ይነሰንሳሉ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ይደበድባሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ እንደገና ይነሰንሳሉ። ቀጭን ሲሚንቶ አለበሱት። እህቴ በየግማሽ ሰዓቱ መሰላሉ ላይ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች። ጠዋት ላይ ትጮህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ አለቀ።

«ዛሬ ይደርሳል?» አለች በመጨረሻ።

ቀና ብሎ አያት። «ቸኮልሽ እንዴ?» አለ።

ደረሰ። የመጨረሻውን ሲሚንቶ ሲያለሰልስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።

ሰኞ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ተቆጣጣሪዋ የመኪና ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች ደረጃውን ወጣች። ከእኛ በኋላ ሌላ አራት ቦታ አለባት። ከመኪናዋ በእጇ ይዛው የመጣችውን ቴርሞሜትር መሃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ደቂቃ ቆመች። አየች።

«ሠላሳ ሦስት» አለች። መጻፍ ጀመረች።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን የመጨቃጨቅ ችሎታ በሙሉ ልጠቀም አፌን ከፈትኩ። ክቡር ይደርሳል ቀደመኝ። ቀደመኝ ስል፣ እኔ አፌን ከፍቼ ሳስብ እሱ ትንሽ ወንበር ስቦ አጠገቧ አደረሰላት።

«ይቀመጡ፣ እመቤቴ።»

«ጊዜ የለኝም።»

«መለኪያው ገና አልደረሰም።»

«ምን ማለት ነው አልደረሰም?»

«መኪናዎ ፀሐይ ላይ ነው የቆመው። እሱም መኪናው ውስጥ ነው የዋለው። አሁን የሚነግርዎት የመኪናውን ነው። ክፍሉን ገና አላወቀውም።»

ሴትዮዋ ቴርሞሜትሩን በእጇ መዳፍ ነካችው። እጇን መለሰች። የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ።

ጠበቅን። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች በየፍራሻቸው ተኝተዋል። አንዱ ነቃና አምስት አዋቂዎች ቴርሞሜትር ከበው ሲያፈጡ አየ፤ እህቴ፣ ረዳቷ መምህርት፣ ተቆጣጣሪዋ፣ ክቡርነታቸው እና እኔ።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ቁጥር» አለው ክቡር ይደርሳል።

«ስንት ቁጥር?»

«የሚመጣውን።»

ልጁ ይህ አጥጋቢ ሆኖ አገኘውና ተመልሶ ተኛ። ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት። እህቴ ጥፍሯን ጨርሳ ወደ ጣቷ እየሄደች ነበር። ሃያ ሰባት ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ማንም አልተነፈሰም፤ ከአንድ ሰው በቀር፤ እሱ እንደ ወትሮው ይተነፍስ ነበር። ከዚያ ሃያ ስድስት ላይ ወረደ።

«ይበቃል» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ትንሽ ቢቆዩ» አለ ክቡር ይደርሳል።

«ይበቃል አለችህ እኮ!» አለች እህቴ።

ተቆጣጣሪዋ ከወረደች በኋላ እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችኝ። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«ነገረህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዓርብ ዕለት ምድጃውን ማን እንደከፈተው።»

የደረጃውን መደገፊያ ያዝኩ።

«ራሱ ነው የከፈተው!» አለች። «በስልክ ነገረኝ። 'ስትጨነቂ አላስቻለኝም፣ ከፈትኩት' አለኝ። ሰማህ? እሱ! ሃያ ዓመት ሙሉ ለምኜው አንድ ቀን ቸኩሎ የማያውቅ ሰው!» ሳቀች። ዓይኗን በአይበሉባዋ ጠረገች። «ሃያ ስድስት ብሎኬት ሰበረልኝ።»

ሌላ ሴት «ወርቅ ገዛልኝ» እንደምትለው ነው ያለችው።

ግቢ ስወርድ ክቡርነታቸው የሲሚንቶ ማንኪያቸውን እያጠቡ ነበር።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ለምን?»

ማንኪያውን አጥቦ ጨረሰ። አራገፈው። በጨርቅ አደረቀው። እጀታውንም አደረቀው።

«በአንተ ብትቆጣ ዓመት ታኮርፍሃለች» አለኝ። «በእኔ አንድ ወር ነው። ለምጄዋለሁ።»

«አልተቆጣችም እኮ።»

«አዎ» አለ። ማንኪያውን ዓይኑ ሥር አድርጎ ተመለከተው። «እሱን አላሰብኩትም ነበር።»

ይህን እዚህ የምጽፈው ያለ ፍርሃት ነው። እህቴ ጽሑፎቼን የምታነበው የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ነው፤ የቀረውን «ገባኝ» ብላ ትተወዋለች። ስለዚህ መንጠቆ ይዛ መታየቷ ያናድዳት ይሆናል እንጂ እዚህ ድረስ አትወርድም። ዓርብ ዓርብ አሁን ወርክሾፑ እሄዳለሁ። ምንም አንሠራም፤ መለኪያው በሰዓት ስምንት ዲግሪ ሲወርድ እናያለን። ለእኔ ሁለተኛ ወንበር አስቀምጧል። ከበሩ ራቅ አድርጎ።

የፈቃዱ ወረቀት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት መጣ። በጠጠር በተሸፈነው ጥግ ሥር አራት ፍራሾች አሉ። ቴርሞሜትር ይዤ ሄጄ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ለካሁት፤ ጥጉ ከቀረው ክፍል በአንድ ዲግሪ ይሞቃል።